በግ የሚያመሰግነው ሰውዬ

ጋሽ እንድሪስ ሞተ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሰው ሞቶ ደስ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር በበርበሬ ታጥነኝ ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር። አልልም። ፊቱ ስቆም አንቱ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል።

መርዶውን ያመጣችልኝ እህቴ ሰዓዳ ናት። ኮምቦልቻ ከምትሠራበት የጨርቅ ሱቅ እያለቀሰች መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። ሪያድ አብሮኝ ይሠራ የነበረው አደም የሚባል ሱዳናዊ ደውሎ ነግሯት ነው። ጋሽ እንድሪስ ጠዋት በጎቹን ሊያይ ገብቶ መሃላቸው ወደቀ። የት ሄደ ሲባል ውሎ ያገኙት ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ነው።

«በጎቹስ?» አልኳት።

«ምን በጎቹስ?»

«ምን ያደርጉ ነበር?»

እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። «መኗቸውን ይበሉ ነበር አሉ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው ሃያ ዓመት ሙሉ በግ ሲያመሰግን ኖሮ፣ እሱ ሲወድቅ አንዷ እንኳ ከመኖዋ ቀና አላለችለትም። ሰዓዳ ስስቅ ስታየኝ ሻሿን ጠቅልላ ተነሣች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በግ ሲያመሰግን የምለው አጋንኜ አይደለም። ከመጀመሪያው ልናገር።

ሪያድ የገባሁት በየመን በኩል በእግሬ ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ኖሮኝ አያውቅም። በ2006 ዓ.ም ኅዳር ላይ ፍተሻው ሲጀመር ዑድ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ አሥራ አንድ ሆነን ተደበቅን፤ በሳምንቱ አራት ቀረን። ብዙዎቹ «በቃ፣ ሰለቸን» ብለው እጃቸውን ሰጡ። እኔ ግን መሄድ አልችልም ነበር። ሰዓዳ በኮንትራት መጥታ እዚያው ሪያድ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከቤት አያስወጧትም፤ መዳሟ የምትፈቅድላት አርብ አርብ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው። እናትና አባታችን ሞተዋል። በዚያ አገር የምታውቀው ቁጥር የእኔን ብቻ ነበር፣ እኔ ከተያዝኩ የምትደውልለት ሰው የላትም። ስለዚህ በምንም ዓይነት መያዝ የለብኝም።

አንድ የሰፈር ልጅ፣ «ደቡብ ያለው የበግ ገበያ ሂድ፣ እንድሪስ የሚባል የባቲ ሰው አለ፣ ወረቀት አይጠይቅም» አለኝ። በገብስ መኪና ላይ ተጭኜ ሄድኩ።

ቀጭን፣ የፊት ጥርሶቹ የረገፉ፣ ስድሳ የሚጠጋው ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «በግ መትተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ማን ያልመታ አለ ጋሼ» አልኩት።

«እዚህ ከመታህ በመታህበት ዱላ፣ በመታህበት ቦታ፣ በመታኸው ልክ እመታሃለሁ። በቸልታህ አንድ በግ ከሞተ ደግሞ፣ ኸላስ፣ በሩ ያውልህ።»

የሚቀልድ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አንዷ እምቢተኛ በግ አልገባ ብላ ስታለፋኝ ጀርባዋን ሁለት ጊዜ አቀመስኳት። ጋሽ እንድሪስ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ዱላውን ከእጄ ቀምቶ ጀርባዬን ሁለት ጊዜ አቀመሰኝ። ከዚያ ዱላውን መልሶ ሰጠኝና ወደ ሥራው ሄደ። አደም እስኪያስለው ሳቀ፤ ለካ እሱ መጀመሪያ ሲገባ አምስት ዱላ ጠጥቷል።

ምሳ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ሩዙን ወደ አፍ ከማድረስ በፊት ሳህኑን ይዞ ወደ በጎቹ መሄድ ግዴታ ነው። አንዷን መርጦ፣ ዓይኗን አይቶ፣ «አመሰግናለሁ» ማለት። ካላልክ አትበላም። ጎልማሳ ሰው ሳህን ይዞ በግ ፊት ሲቆም አስቡት። ሐፍረት ገደለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ለአላህ ሐምዱሊላህ ብያለሁ» አልኩት።

«ደግ አደረግክ። ለእሷስ?»

«በግ እኮ አማርኛ አይችልም።»

«አንተ ትችላለህ አይደል?» አለኝ። በቃ፣ ወሬው አለቀ።

ለሰው ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ተጋደምኩ። አንዲት በግ ምጥ ይዟታል፤ ወደ እሷ ሲሄድ በላዬ ተራምዶ ነው የሚያልፈው፣ እንዴት አደርክ እንኳ የለም። በመጨረሻ «ውሃ» ብዬ ጮኽኩ። አመጣልኝና፣ «አየህ፣ ጠየቅህ፣ አገኘህ። አፍ አለህ። እሷ በምን ትጠይቅ?» ብሎኝ ሄደ። ልቤ ተቆጣ። ሰው ነኝ እኮ።

ደግሞ ለራሱም አይራራም፤ ይህን ልመስክርለት። አንድ ቀን አንድ ገዢ የገዛትን በግ እግሯን አሳስሮ የመኪናው ኋላ ውስጥ ከተታትና፣ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ምሳ ሊበላ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ ከፍቶ አወጣት፣ ፈትቶ ጥላ ውስጥ አስገባት። ሰውዬው ተመልሶ ሲያይ አበደ። ከፊላችን፣ ማለትም የግቢው ባለቤትና የሁላችን ጌታ፣ እዚያው ነበር። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ጋሽ እንድሪስን በጥፊ አጮለው። ጉንጩን እንኳ አልነካም። «ውሃዋን ትጨርስና ትሄዳለች» አለ በአረብኛ። ጨርሳ ስታበቃ ራሱ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ መለሳት።

«ማታ ሊያርዳት አይደል እንዴ? ለዚህ በጥፊ ይመታሉ?» አልኩት።

«ማታ ይረዳት። አሁን ጠምቷታል» አለኝ።

ከበጎቹ ጋር የታረቅኩት የጀዋዛት ሰዎች ግቢያችን የገቡ ዕለት ነው። ወረቀት የሌለውን ሰው የሚለቅሙት ፖሊሶች እነሱ ናቸው። ጠዋት ነው፤ መውጫ የለም። ጋሽ እንድሪስ በአንገቴ ይዞ በጎቹ መሃል አስተኛኝና ብርሲም የሚሉትን አረንጓዴ ሣር በላዬ ዘረገፈው። አርባ በግ መጥቶ ተረባረበብኝ። ደረቴ ላይ ቆመው ሣሩን ሲበሉ ፖሊሶቹ ከአጥሩ ወዲያ አፍንጫቸውን ይዘው አዩና ወጡ። ተነሥቼ ልብሴን ሳራግፍ ጋሽ እንድሪስ ቆሞ ያየኛል። ሳይነግረኝ አመሰገንኩ። የዚያን ቀኑ ከልቤ ነበር፤ አንዷን አንገቷን አቅፌ ስሜያታለሁ።

የዚህ ሁሉ አመል ምንጭ የገባኝ የበጎቹን ሰኮና ስንቆርጥ በዋልንበት ቀን ነው። አደም ምሳ የፍየል ሥጋ ሠርቶ ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዱ ደረቅ ሩዝ በላ። «ፍየል ምን አድርጋዎት ነው?» ብዬ ነካካሁት። ሰኮናውን እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል ነገረኝ።

«ሰባት ነበርን። ከየመን ስንሻገር ደላላው ጥሎን ጠፋ። ውሃችን አለቀ። ከመንጋዋ የጠፋች አንዲት ፍየል አገኘን፤ ጡቷ ሞልቷል። በየተራ እየተጋደምን ጠባናት። አራት ቀን በእሷ ኖርን፤ እሷ ባትኖር አንዳችንም አንተርፍም። በአምስተኛው ቀን ወተቷ ደረቀ። የዚያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገመዷን እየጎተተች አስቸገረችን፤ ወደ አንድ ጉብታ ልሂድ አለች። ልታመልጥ ነው ብለን ድንጋይ ላይ አሰርናት። ከዚያ ልናርዳት ተማከርን። ማን ይረዳት ሲባል እኔ ተነሣሁ።»

ሰኮናውን ጨርሶ በጓን ለቀቃትና ሌላ ያዘ።

«ሲነጋ ጉብታውን ወጣን። ከጉብታው ማዶ የውሃ ጉድጓድ ነበር። ቅርብ። በጣም ቅርብ።»

«አላወቃችሁማ፣ ምን ታደርጉ» አልኩት።

«ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነበር። ስትጎትተኝ ይሰማኝ ነበር» አለ።

አዘንኩለት ብል እዋሻለሁ። ተናደድኩ እንጂ። እሱ ፍየል አርዶ በልቶ፣ ዕዳውን እኛ በሩዝ ሳህን ቆመን ልንከፍልለት ነው ወይ ብዬ በሆዴ አማሁት። አንድ ነገር ግን ገባኝ፤ ይህ ሰው በሌላ በሌላው ይቅር ይል ይሆናል፣ በዚህ ግን ይቅር አይልም።

በዚያው ዓመት ያ የነሐሴ አርብ መጣ። ጋሽ እንድሪስና አደም ጁምዓ ሊሰግዱ ሄደዋል። የጀዋዛት መኪና ከማለዳው ጀምሮ ገበያው መግቢያ ላይ ስለቆመ እኔ ከግቢ አልወጣሁም። አንድ ሾፌር ስድስት በጎች አምጥቶ አራገፈልኝ። አዲስ በግ እከክ እንዳይኖረው እስኪታይ ከሌላው አይቀላቀልም፤ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይቆያል። ሙቀቱ እሳት ስለሆነ የኋላ መስኮቱን ወዲያው መክፈትና ውሃ ማስገባት ያስፈልጋል። አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወደ መስኮቱ ስዞር ስልኬ ጮኸ።

ሰዓዳ ናት። ሦስት አርብ ሙሉ ሳትደውል ቀርታ ሞታለች ብዬ እያሰብኩ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አለህ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። «መዳሜ ስልኩን ነጥቃኝ ነበር። አሁን ሁሉም ወጥተዋል፣ ከውጭ ቆልፈውብኝ ነው የወጡት። ወንድም ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቤት አልኖርም፣ በመስኮት እወጣለሁ።»

«ሰዓዳ፣ በአላህ፣ እንዳታደርጊው። ስንተኛ ፎቅ ነሽ?»

«ሦስተኛ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላስታውስም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አባቴን እየጠራሁ አስማልኳት። ከመስኮቱ ርቃ ወለል ላይ ቁጭ እስክትል፣ «እሺ፣ አልወጣም» እስክትለኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

ስመለስ የቆርቆሮው በር ተከፍቷል። ጋሽ እንድሪስ በነጭ የጁምዓ ልብሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ አራቱ በጎች ላይ ውሃ ያፈሳል። ሁለቱ ምላሳቸውን አውጥተው ተዘርግተዋል። አደም ራሱን ይዞ ቆሟል።

«የት ነበርክ?»

«እህቴ ደውላ፣ ጋሼ፣ በመስኮት ልትወጣ...»

«ሲጮኹ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ወላሂ አልሰማሁም። የውሃው ሞተር ይጮኽ ነበር።»

«ኸላስ» አለ። «ውጣ።»

እግሩ ላይ ወደቅኩ። አደምም ለመነልኝ፤ «ሐጂ፣ መኪናዋ እስክትሄድ እንኳ» አለው። ጋሽ እንድሪስ የግቢውን በር ከፈተ። የጀዋዛት መኪና ከበሩ ትይዩ፣ ሁለት ፖሊሶች ተደግፈዋት ይታያሉ።

«ሰዓዳ ማን አላት? እኔ ከተያዝኩ ለማን ትደውላለች?» አልኩት።

«እህትህ አፍ አላት» አለኝ። ቀጥሎ እጁን ዘረጋ። «ስልኩን አስቀምጥ።»

«ለምን?»

«አስቀምጥ አልኩህ።»

ከእጄ ወሰደው። በትከሻዬ ይዞ አወጣኝና በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም።

ሁለት ሳምንት ተርሒል ውስጥ፣ ወደየአገሩ የሚባረረው ሰው ሁሉ በሚታጎርበት አዳራሽ፣ ሲሚንቶ ላይ ተኛሁ። ከዚያ ቦሌ። የሰዓዳን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ ስልኩ ውስጥ ቀርቷል። ልጅቷ በመስኮት ትውጣ ትኑር የማውቀው ነገር የለም። ኮምቦልቻ ገብቼ በየበረንዳው የማወራው ይህንኑ ነበር፤ ለሁለት በግ ብሎ ሰው አሳልፎ የሰጠ፣ ስልክ እንኳ ሳይተውልኝ የዘረፈ የባቲ ሽማግሌ። የሰማ ሁሉ ይረግመዋል። እኔም ርግማኑን እየሰማሁ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ደስ ይለኛል።

በ2008 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ሰዓዳ አንድ ሻንጣ ይዛ በሬን አንኳኳች። አቅፋኝ አለቀሰች፣ አለቀስኩ። ቁጭ እንዳለች መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ለጋሽ እንድሪስ ደውለህላቸዋል?» ብላ ነው።

ለካ እኔ በተያዝኩ በሳምንቱ ስትደውል ስልኬን ያነሳው እሱ ነው። «ወንድምሽን አስወጥቼዋለሁ። ሁለት በግ ሞቶበታል። ተይዟል» አላት፣ እንዲሁ በደረቁ። ሰድባው ዘጋችበት። በቀጣዩ አርብ ሌላ የምትደውልለት ስላጣች መልሳ ደወለች። ገና አንዴ ሲጮኽ አነሳው። ምን እንደሚያወራት አላወቀም፤ እሷም ታለቅሳለች። በመጨረሻ፣ «እነሱን ስሚ» ብሎ ስልኩን ወደ በጎቹ አዞረው። ከዚያ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር እንደዚያ ነበር። አንድ ዓመት ከስምንት ወር። የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛዋ እንዳነከሰች ይነግራትና ስልኩን ያዞርላታል፤ እሷ ተቆልፎባት የበግ ድምፅ ትሰማለች። «ወንድም ጋሼ፣ እነዚያ በጎች ባይኖሩ እኔ ዛሬ የለሁም» አለችኝ። ኮንትራቷ አልቆ መዳሟ አልለቅም ስትል፣ ያንን በጥፊ የመታውን ከፊል ለምኖ ለመዳሟ ባል ያስደወለላትም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ አልደወልኩለትም። ሰዓዳ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳዬ ላይ ለጠፈችልኝ፤ አንስቼ ጣልኩት። በዓመቱ መጨረሻ መርዶው መጣ፤ ሳቅኩ፤ ተኮራረፍን።

በአራተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «እነዚያ ሁለት በጎች የሞቱት በእኔ ስልክ ነው እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር። ያዳኑኝን እኔው ገደልኳቸው እያልኩ። አንድ አርብ ለጋሽ እንድሪስ አወጣሁት። ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ወንድምሽ አልሰማቸውም። ሰምቶ ቢሆን ሩጦ ይከፍትላቸው ነበር። ጥፋቱ የአንቺም የእሱም አይደለም፣ የሙቀቱ ነው› አሉኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ውሸት ሲናገር አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በጎቹን ሰምቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን በእግራቸው ይደበድቡ ጀመር፣ ከዚያ ጩኸቱ መጣ። በሩ ከእኔ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በአንድ እጄ መክፈት እችል ነበር። ግን ሰዓዳ ታለቅሳለች፣ በጩኸታቸው ቃሏ አይሰማኝም። ተናደድኩባቸው። ከገብሱ ክምር ጀርባ ሄጄ አንዱን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ እንደከተትኩ ዞር ስል ጋሽ እንድሪስ ከአደም ቀድሞ ከጁምዓ ተመልሶ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ሮጠ። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ። ይህን የሚያውቅብኝ ከአላህ በታች እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም ሞተ።

«እውነት ነው አይደል?» አለች ሰዓዳ። «አልሰማሃቸውም?»

«አልሰማሁም» አልኳት።

«ወላሂ በለኝ፣ ሆዴ ይረፍ።»

«ወላሂ» አልኳት።